አርባ አራቱ ኪሎ የት ሄደ

ውድ ወንድምዓለም፣

ሰላምታውን እንዳደረስኩህ ቁጠርልኝ፤ ዛሬ ተረጋግቼ "እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ" የምልበት ልብ የለኝም። ድንጋይ የሚያመላልሰው ሾፌር ግቢ ውስጥ እያራገፈ ነው። አራግፎ እንደጨረሰ አንተ ድንጋይ ወደምትፈልጥበት ካባ ይመለሳል። እዚያ እንዳየህ የነገረኝ እሱ ነው። "ከደረስሽ እወስድልሻለሁ፤ ካልደረስሽ የሚቀጥለው ሳምንት ነው" ብሎኛል። ሳምንት ደግሞ አልችልም። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ፣ ስንት ድንጋይ ቀረው ብዬ በመስኮት አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ አትሳቅብኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ከምድጃችን የተሰረቀ ኖራ የለም። አንዲት ኪሎ አልተነካችም። አንተም አልሰረቅህም፣ ሌላም ሰው አልሰረቀም። ይህንን አባባ ዛሬ ጠዋት በገዛ ዓይኑ አይቶታል። "እኔ እኮ ሰርቄያለሁ ብያለሁ" እንደምትል አውቃለሁ። እሱ ላይ እደርሳለሁ፤ የማልለቅህም እሱ ላይ ነው።

ያ ሚዛን ግቢያችን የገባበትን ቀን ታስታውሳለህ? አባባ ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ነበር። ኖራን የሚያውቀው ከአሸዋ ጋር ሲያቦካው እንጂ ከድንጋይ ሲወለድ አይደለም። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ድንጋይ አቃጥለን ኖራ የምናወጣበትን ይህን ምድጃ ገዛና ለአንተ አስረከበ። አንተ ድንጋዩን በጋሪ ታስገባለህ፣ ኖራውን በጋሪ ታወጣለህ። ድንጋዩ ሲቃጠል ግዝፈቱ ብዙም ስለማይቀንስ ጋሪና ጋሪ ተቀራራቢ ነበር፣ እኛም ሰላም ነበርን። ከዚያ የተዘጋ የሲሚንቶ መጋዘን ዕቃውን ሲሸጥ አባባ ያንን ሰፊ የብረት ሚዛን አስጭኖ መጣ። ሁላችንንም አንድ በአንድ እያቆመ መዘነን። አንተን ሲመዝንህ "ይሄ ሁሉ አጥንት ብቻ ነው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ "ሰው ይዋሻል፣ ሚዛን አይዋሽም" እያለ እንደ ሙሽራ ይወለውለው ጀመር።

ቀጥሎ የሚቃጠለውን ድንጋይ በሚዛን አስገባ፣ ኖራውንም በሚዛን አስወጣ። ከየመቶ ኪሎው ድንጋይ የወጣው ሃምሳ ስምንት ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ኖራ ከድንጋይ እንደሚቀልማ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የምንሸከመው እኛው ነን። ጫኞቹ "ውሃው ደርቆ ነው" ይላሉ፣ እኛም ከእነሱ የተሻለ አናውቅም። ግን እኩሌታውን የሚያህል ውሃ በዚያ ደረቅ ድንጋይ ውስጥ ከየት ይመጣል? የምድጃው ቁልፍ ያለው በአንተ እጅ ነበር። አባባ ጫኞቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ እኔና ታናሻችን ባለንበት፣ "የቀረው የት ሄደ?" አለህ።

እኔ "አባባ፣ እሱን ሌባ ልትለው ነው?" ብዬ ጮህኩ። ልሟገትልህ ወገቤን ታጥቄ ተነሥቼ ነበር። አንተ ግን ታናሻችንን አየኸው፣ ቀጥለህ መሬት መሬቱን አየህ፣ ከዚያ በዝግታ "እኔ ነኝ የወሰድኩት" አልክ። አፌን ዘጋኸው። በገዛ አፉ ያመነን ሰው ምን ተብሎ ይሟገቱለታል? በማግሥቱ ስነሣ አልጋህ ባዶ ነበር።

ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ቤት አልሆነም። አባባ ስምህ ሲነሣ ከክፍሉ ይወጣል። ቅልብልብ፣ ያ አንድ ቦታ መቀመጥ የማያውቀው ታናሻችን፣ ጭራሽ ዝም አለ። አንድ ቀን ብቻ "እሱ ከሰረቀ እንግዲህ ማንን ላምን ነው?" አለኝና መዶሻውን ይዞ ወጣ። እኔም ከሁለቱ ዝምታ ለመሸሽ ስል ውሃ ማጣሪያ ጣቢያው የላቦራቶሪ ረዳት ሲያሠለጥን ተመዘገብኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እማራለሁ። አስተማሪያችን አጠር ያለች ሴትዮ ናት፤ መልስ በተመለሰ ቁጥር "በትክክል!" ስለምትል በትክክል ብለን ሰይመናታል።

የጀመረችልን በብረትና በድኝ ነው። ሰባት ግራም ብረት አራት ግራም ድኝ ይፈልጋል። ስምንት ግራም ብረት ብታመጣ አንዱ ግራም ሳይነካ ይቀራል። ብትለምነውም አይገባም። እኔ እጄን አውጥቼ "አንድ የብረት ቅንጣት ከአንድ የድኝ ቅንጣት ጋር ነው የሚጣመረው ብለሽን የለ? ታዲያ ለምን እኩል እኩል አንመዝንም?" አልኳት። "አንድ በሬና አንድ ፍየል አቁመሽ ብትቆጥሪ አንድ ለአንድ ናቸው" አለችኝ። "ሚዛን ላይ ብታወጫቸውስ?" ክፍሉ ሳቀብኝ። ለካ ሚስጥሩ ይሄው ነው፦ መጀመሪያ ቅንጣቶቹን ትቆጥራለህ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በየክብደቱ ታባዛለህ፣ የሚመጣልህ የክብደት ንጥጥር ከቶ አይለወጥም።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጠመኔዋን አንሥታ "ዛሬ የኖራ ድንጋይ እናቃጥላለን" አለች። ልቤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው የሸሸው። "ካልሲየም አርባ። ካርቦን አሥራ ሁለት። ኦክስጅን አሥራ ስድስት፣ ሦስት ስለሆነ አርባ ስምንት። ደምሩልኝ።" መቶ አልን። "በትክክል! ድንጋዩ በደንብ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ተለይቶ ይወጣል። አንድ ካርቦን ከሁለት ኦክስጅን ጋር፤ አሥራ ሁለትና ሠላሳ ሁለት፣ አርባ አራት። ምድጃው ውስጥ ኖራ ሆኖ የሚቀረውስ?"

"ሃምሳ ስድስት" አለ ክፍሉ። እኔ ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ።

"ምነው ልጄ፣ አመመሽ?" አለችኝ።

"አርባ አራቱ የት ሄደ?"

"አሁን ነገርኳችሁ እኮ። በጭስ ማውጫው ወጣ።"

"ማንም ሳይነካው? ሁልጊዜ?"

"ድንጋዩ ንጹሕ ከሆነና በደንብ ከተቃጠለ ሁልጊዜ። መቶ፣ ሃምሳ ስድስት፣ አርባ አራት። ድንጋዩ የማን ምድጃ ውስጥ እንዳለ አያውቅም።"

ደብተሬን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ሰዎች ቤቷ ተቃጥሎ ነው ብለው መንገድ ለቀቁልኝ።

አባባ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ሳልተነፍስ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ "ነፋስ አርባ አራት ኪሎ መዘነ ነው የምትይኝ?" አለ።

"ነፋስ አይደለም አባባ፣ ጋዝ ነው።"

"ይሁን ጋዝ። አይታይ፣ አይጨበጥ፣ ጆንያ ውስጥ አይገባ። ደግሞስ እሱ ራሱ በአፉ ወሰድኩ ብሏል። ባለቤቱ ያመነውን አንቺ በጠመኔ ልታስተባብይ ነው?"

ሦስት ቀን ሙሉ እህል ስናቀርብም ስናነሣም ስንጨቃጨቅ ነበር። በመጨረሻ ትንሿን ምድጃ፣ አዲስ ድንጋይ የምትሞክርባትን፣ እናንድድ አልኩት። መቶ ኪሎ ነጭ ድንጋይ መርጠን፣ አድርቀን፣ መዝነን እናስገባ። እሳቱ ከሥር በራሱ ጉድጓድ ስለሚነድ አመዱ ከኖራው አይቀላቀልም። አባባ ብዙ አሰበና "እሺ። ግን ጠባቂው እኔ ነኝ። ከእናንተ አንዳችሁም አትጠጉም" አለ።

ብታየው! ወንበሩን ምድጃዋ አፍ ላይ ተክሎ፣ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። የሚበላውን እዚያው አመጣሁለት። ቅልብልብ እንጨት ሊጨምር ሲጠጋ በከዘራው ያባርረዋል፤ እንጨቱን ራሱ እያቃሰተ ይጨምራል። "እንግዲህ ኖራው ከጎደለ ሌባው አንተ ነህ አባባ" ብለው "አፍሽን ያዢ" አለኝ። እኔ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። መጥረጊያ አነሣለሁ፣ ሳልጠርግ አስቀምጣለሁ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ባዶ ባልዲ ይዤ ተመለስኩ። የፈራሁት አባባን አልነበረም። ሒሳቡ ልክ ባይሆንስ? ያን ጊዜ አንተን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም በእኔ እጅ፣ ልናጣህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ምድጃዋ በረደች። አባባ ራሱ እየለቀመ ሚዛኑ ላይ አወጣ። እኔ ማየት አቅቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"ስልሳ" አለ።

ዞር ስል ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። "ሃምሳ ስድስት ነበር ያልሽው። ስልሳ ነው። ሒሳብሽ ልክ ቢሆን ኖሮ ልክ ይመጣ ነበር።"

ጉዱን አየህልኝ? አርባ ኪሎ በገዛ አፍንጫው ሥር መጥፋቱን ትቶ አራቷን ኪሎ ያዘ! ግንበኛ ነዋ፤ ግድግዳው በጣት ቢዘም ሙሉውን የሚያፈርስ ሰው። አንዱን ትልቅ ጓል አነሣሁት፤ ከመጠኑ በላይ ከበደኝ። ሌላ አነሣሁ፤ ቀለለ። ከባዱን በመዶሻ ስፈነክተው ዳር ዳሩ እንደ ዱቄት ነጭ፣ መሐሉ ግን ግራጫ ነው። ያው ድንጋይ ነው፤ እሳቱ ልቡ ድረስ አልደረሰም። አባባ እንጨቱን ቆጥቦብኛል፣ ሌላ ምን!

ከኩሽና አቼቶ ይዤ በረርኩ። ግራጫው ላይ ጠብ ሳደርግበት ተንጨረጨረ፤ አረፋው እየፈላ ወጣ። ነጩ ላይ ጠብ ሳደርግ ሞቀ እንጂ አረፋ የለውም። "ይኸው! ጋዙ ገና እዚህ ውስጥ አለ" አልኩት። "ያልወጣው ስላልተቃጠለ ነው።"

"ይሄ ወሬ ነው" አለ። "እኔ የምፈልገው ኪሎ ነው።"

"ኪሎ ልስጥህ" አልኩና ከሰል አንሥቼ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። የወጣው አርባ ኪሎ ጋዝ ነው። አርባ አራት ኪሎ የሚወጣው ከመቶ ኪሎ ድንጋይ ከሆነ፣ አርባ ኪሎ የሚወጣው ከስንት ነው? አርባን በመቶ አባዛሁ፣ ለአርባ አራት አካፈልኩ። አንዴ ተሳሳትኩና አጥፍቼ ደገምኩ። ዘጠና አንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የተቃጠለው ይሄ ከሆነ፣ ከመቶው ድንጋይ ሳይቃጠል የቀረው ዘጠኝ ኪሎና ጥቂት ነው።

"አባባ፣ ግራጫውን ልብ ለይታችሁ መዝኑት። ከዘጠኝ ኪሎ ራቅ ካለ ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

ወንድምዓለም፣ አንተን አስይዤ ቁማር እንደተጫወትኩ የገባኝ ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው። ግን ቃል አንዴ ከወጣ ምን ይደረጋል።

አባባና ቅልብልብ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ጓል ፈነከቱ። ነጩን እየፋቁ ጣሉ፣ ግራጫውን በባልዲ አጠራቀሙ። ባልዲውን ሚዛኑ ላይ አወጡት፤ የባልዲውን ክብደት ቀነሱ። አባባ ጎንበስ ብሎ አየ፤ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ።

"ዘጠኝ" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ዘጠኝ ከሩብ።"

ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ ግን መጀመሪያ የተናገረው ያልጠበቅሁትን ነው። "ታዲያ ካልሰረቀ ለምን 'እኔ ነኝ' አለኝ?"

ይኸውልህ፣ ያ ሁሉ ሒሳብ ያወጣው ንጽሕናህን ብቻ አይደለም፤ ውሸታምነትህንም ነው። ያልጠፋውን ነገር ወሰድኩ ያልክ አንተ ነህ። ለምን? እዚያው ቆሜ ያቺን ቀን መልሼ አሰብኳት። ከመናገርህ በፊት ማንን እንዳየህ ትዝ አለኝ።

"አንተን ነው ያየው" አልኩት ለቅልብልብ።

"እኔን? ለምን እኔን?"

"ያን ሰሞን አዲስ ጫማ አድርገህ ነበር። ከሥራ በኋላ እየጠፋህ አምሽተህ ትገባ ነበር። ወንድማችን ከየት አመጣኸው ሲልህ 'ምን አገባህ' አልከው፤ እኔም ሰምቻለሁ።"

ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት ያሳዝን ነበር። ለካ ማታ ማታ ጋራዥ መኪና ያጥብ ነበር፤ መካኒኩ ሥራ እንዲያስተምረው። ጫማውም የድካሙ ነው። የደበቀው አባባን ፈርቶ ነው፤ "የእኔ ልጅ የሰው መኪና አያጥብም" የሚለውን ታውቃለህ። አንተ ግን ሌባው እሱ ነው ብለህ አሰብክ። እማዬ ስታርፍ "ይሄን ልጅ አደራ" ያለችው ለአንተ ነው። አደራውን የጠበቅኸው መስሎህ ስሙን በስምህ ሸፈንከው። ሸክሙ ግን ባዶ ነበር ወንድሜ፤ የሰረቀ ሰው ሳይኖር የሌባ ስም ተሸክመህ ሄድክ።

የሚያመሰግንህ መስሎኝ ነበር። መዶሻውን መሬት ላይ ወረወረው። "እኔን ነው ሌባ ያለኝ? እኔ እሱ ራሱ ሰረቅሁ ሲል እንኳ ልቤ እሺ አላለኝም። እሱ ግን ሳይጠይቀኝ ፈረደብኝ?"

"ስለሚወድህ እኮ ነው" አልኩት።

"ከሚወደኝ አንዲት ቃል ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

የዚህ መልስ ያለው አንተ ጋ ነው። የእኔ ስላልሆነም ላንተ አስቀምጬልሃለሁ። ቅልብልብ በሩን አላትሞ ወጣ።

አባባ ደግሞ ያደረገውን ስማ። ያን ቀን የነበሩትን ጫኞች አንድም ሳይቀር ጠራቸው፤ ከመኪናው ላይ ድንጋይ የሚያራግፉትን ሳይቀር አስወረዳቸው። ከዘራውን ተደግፎ፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ አንተን በጠየቀህ ቦታ ላይ ቆመ። "አርባ አራቱን የወሰደው እሳት ነው" አለ። ሒሳቡን ሊያስረዳቸው ሞክሮ ካልሲየሙንና ካርቦኑን አምታታው፤ እኔ ላርመው ስል በዓይኑ ገሠጸኝ። "ባጭሩ" አለ፣ "ልጄ ሌባ አይደለም። ውሸታም ነው። ሌባ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።" ድምፁ ሲሰበር ጫኞቹ ሁሉ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። አባባ እንደዚያ ሲናገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ቆይ፣ ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው። ልየው።

ተመለስኩ። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። ወጥቼ ሳይ ቅልብልብ ቦርሳውን አንግቶ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። "ደብዳቤውን ጨርሺና አምጪ፣ እኔው አደርሰዋለሁ" አለኝ። "ምን ልታደርገው ነው?" ብለው "መጀመሪያ በቡጢ እለዋለሁ" አለ። ዓይኑ ቀልቷል። "ከዚያ በኋላ እናያለን።" አባባ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገብቶ የሚቆጣው መስሎኝ ነበር። "እሱን ሳትይዝ እዚህ ግቢ እንዳትገባ" ብቻ አለውና ወደ ቤት ገባ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሚያኖረው እሱ ነው። ምናልባት የምታነብበው ከንፈርህን ይዘህ ይሆናል። ከመታህ እጅህን አታንሣበት፤ ይገባሃል። የጠየቀህን ግን መልስለት፤ በዝምታ አትለፈው፣ ዝምታህን ጠግበነዋል። እኔም ብዙ የምልህ አለኝ፣ ሾፌሩ ግን ሁለተኛ ክላክሱን አደረገ።

ሌባ ነኝ ብለህ የምትቀርበት ምክንያት ከእንግዲህ የለም። ሌላ ውሸት ፈልግ፤ ካጣህ ና።

መንገድ መንገድ የምታየው እህትህ